ብርነሽና የፋብሪካው ንብ

ሰው ሁሉ ብርነሽን «ዘፋኟ ሴትዮ» ይላታል። ኧረ ምን ዘፋኝ! በዕድሜዋ አንዲት ስንኝ ዘፍና አታውቅም። ሥራዋ ንፋስ ስልክ ባለ አንድ የክር ፋብሪካ፣ በኪነት ቡድኑ ውስጥ፣ ሲንተሳይዘር የሚሉትን ማሽን ማስጮህ ነበር፤ እሱንም ወዳ አልገባችበትም፣ ደክሟት ነው የገባችው። የብርነሽ ነገር ሁሉ ከድካሟ ይጀምራል፤ እሱን ሳትይዙ ታሪኳን ባወራላችሁ ልፋቴ ከንቱ ነው።

ከኮረዳነቷ ጀምሮ ፈተል ክፍል ነው የቆመችው። ቆመች ስል ቆመች ማለቴ ነው፤ እዚያ ቤት መቀመጫ የሚባል ነገር የለም። ክሩ ይበጠሳል፣ ትቀጥላለች። ወደሚቀጥለው ትሄዳለች፣ ስትመለስ የመጀመሪያው ተበጥሶ ይጠብቃታል። የጥጡ ብናኝ ከአየሩ በዝቶ ሰው የሚተነፍሰው ጥጥ ነበር። አንድ ክረምት ሳል ያዛት፤ ክረምቱ ወጣ፣ ሳሉ ግን አልወጣም። «ሳንባዋ ነው» ያለ አለ፣ «ሰው ዓይን ነው» ያለ አለ፣ የፈረቃ አለቃዋ ግን «ስንፍና ነው» ብሎ ገላገላቸው። ባሏ ሥራ ፍለጋ አሰብ ወርዶ የውሃ ሽታ ሆኖ ቀርቷል። ላፍቶ፣ ከጤፍ ማሳ ዳር በተከራየቻት አንዲት ክፍል ብቻዋን ትኖራለች፤ ጠዋት በእግሯ ትመጣለች፣ ማታ በእግሯ ትመለሳለች። እንዲህ ሆና ሳለ ነው ማሽኑ የመጣው።

ማሽኑን የላከው አንድ ወዳጅ አገር ነው፤ ለሠራተኛው ኪነት ስጦታ ተብሎ በትልቅ ሣጥን መጣ። ቡድኑ ክራር አለው፣ ከበሮ አለው፣ አኮርዲዮን የሚነካ ሰውም ነበረው፤ ሰውየው ግን በዚያው ሰሞን ታስሮ ነበርና ስሙ አይነሳም። የፋብሪካው ካድሬ ጓድ በኃይሉ ሠራተኛውን ሰብስቦ «ኦርጋን ነክቶ የሚያውቅ አለ?» ሲል ቤቱ ጸጥ አለ። በዚያ ዘመን «አለሁ» ማለት ጣጣ አለው፤ ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባበትም። ብርነሽ ግን እጇን አወጣች። ልጅ ሆና በአንድ የሚሲዮን ትምህርት ቤት ጽዳት ስትሠራ፣ የጸሎት ቤቱን ኦርጋን አቧራ እያራገፈች በአንድ እጇ ትነካካው ነበር። ሁለት እጅ ኖሯት አያውቅም፤ ሁለተኛው ጨርቁን ይዟል። ይህን ለበኃይሉ አልነገረችውም። እሱም አልጠየቃትም፤ የቸገረው እርጉዝ ያገባል ይባል የለ!

ሊያሠለጥናት የመጣው ፈረንጅ አንድ ሳምንት ብቻ ቆየ። ፊቱ በፀሐይ የተላጠ ትሑት ሰው ነበር። በአስተርጓሚ እንደነገራት፣ ማሽኑ ከሁለት የተጋባ ነው፤ ግማሹ ዲጂታል፣ ግማሹ አናሎግ። ዲጂታል ያለው ወገን በቀይ ቁጥር ይናገራል። ቁጥሩን ከሰጠሽው ዛሬም ነገም ያው ድምፅ ነው፣ ፍንክች አይልም። አናሎግ ያለው ወገን በጉብጉብ ማዞሪያዎች የሚታዘዝ ነው፤ እሱ ደግሞ ሙቀት ያውቃል፣ ብርድ ያውቃል፣ መብራቱ ሲደክም አብሮ ይደክማል። እነዚያን ሁለት የፈረንጅ ቃላት የብርነሽ አንደበት አልወደዳቸውም፤ ዲጂታሉን «ደረቁ» አለችው፣ አናሎጓን «ቀበጧ»። ፈረንጁ ትርጉሙ ሲነገረው እስኪያስለው ሳቀ።

ሥራው እንዲህ ነው። ቀድማ ትመጣና ታበራታለች፤ ቀበጧ ሳትሞቅ አትታመንም። ደረቁን በቁጥሩ ታስይዘዋለች። ከዚያ አንዲት ቁልፍ ትጫንና «ያዥ» የምትለውን ማብሪያ ትገፋዋለች፤ እጇን ብታነሳም ድምፁ አይቆምም፣ እስክታጠፋው ድረስ ይቀጥላል። የቀበጧን ማዞሪያ በሁለት ጣቷ ይዛ ከደረቁ ጋር ልታገናኛት ስትል ሁለቱ ድምፆች ይተሻሻሉ፤ ው… ው… ው… እያለ ይመታል። ባስጠጋቻቸው ቁጥር ምቱ ይዘገያል። ጨርሳ አታስታርቃቸውም፤ ፈጽሞ ከታረቁ ድምፁ ይሞታል። ትንሽ እንደተጣሉ ትተዋቸውና ትልቁን ማዞሪያ ቀስ እያለች ትከፍተዋለች፣ ቀስ እያለች ትዘጋዋለች፤ ድምፁም ይጠራል፣ ይደፈናል። አለቀ፣ ይኸው ነው። ሠራተኛው ማሽኗን «ንቧ» አላት፣ ስሙም ጸናባት።

ጓድ በኃይሉ ግን ሲሰማው ዓይኑ ፈጠጠ። «እና ዜማው የት አለ? ይሄ እኮ የተበላሸ ሞተር ነው!» አላት። ዜማውማ ከየት ይመጣል፤ አንድ እጅ ነው ያላት። ወደ ፈተል ክፍል ሊመልሳት አንድ ቀን ሲቀረው ነው ጋሽ ደገፋ የደረሰላት።

ጋሽ ደገፋ የፋብሪካው በር ጠባቂ ነው። የፉሪ ሰው ነው፣ እርሻውን ለወንድሙ ትቶ ካፖርት ለብሶ በር ላይ የቆመ፣ ረጅም፣ ጢሙ የሸበተ፣ ቀልድ የሚወድ ሽማግሌ። ብርነሽ ሳሉ ሲያጣድፋት ሾልካ ወደ በሩ ትወጣ ነበር፤ ያኔ «ትንፋሽሽን ሰብስቢ፣ አለቃሽ ከመጣ እኔ ነኝ የጠራኋት እለዋለሁ» ብሎ በርጩማውን የሚለቅላት እሱ ነው። ከፉሪ ወተት በጠርሙስ አምጥቶ «ጠጪ፣ ጥጡን ያወርደዋል» ይላታል። አባቷን በሕፃንነቷ ለቀበረች ሴት ይህ ምን ማለት እንደሆነ እናንተው ገምቱት። ያን ቀን የአዳራሹን መስኮት ሊዘጋ ገብቶ ንቧን ሰማ። ቆመ። ቁልፎቹን ኪሱ ከተተ። ዓይኑን ጨፍኖ ቆይቶ ቆይቶ፣ ከዚያች አንዲት ድምፅ ላይ ተነስቶ ያንጎራጉር ጀመር፤ አቤት ድምፅ! ሰማንያ ሰው የሚበላበት አዳራሽ ሞላ። በኃይሉ በሩ ላይ ተገትሮ ሰማው፣ በሳምንቱም ጋሽ ደገፋ የቡድኑ ዋና ድምፃዊ፣ ብርነሽም ቋሚ የንቧ ሠራተኛ ሆነች።

ሽማግሌው አንድ ልማድ አለው። ንቧ ስትጀምር ወዲያው አይገባም። ማይክራፎኑን ይይዝና ዓይኑን ይጨፍናል፤ ድምፁ ደረቴ ውስጥ እስኪቀመጥ ነው ይላል። ሲቀመጥለት ዓይኑን ይገልጣል፣ ያኔ ይዘፍናል። በዜማው መሐል ድምፁ እየደከመ ዝቅ ሲል ብርነሽ የቀበጧን ማዞሪያ በፀጉር ያህል ዝቅ አድርጋ ትከተለዋለች፤ ሰሚው አያውቅም፣ እሱ ግን ያውቃል፣ ዞር ብሎ ይጠቅሳታል። ያ ጥቅሻ ለእሷ ከደመወዟ ይበልጥባት ነበር።

ጋሽ ደገፋ ሁለት ልጆች አሉት። ደራርቱ ባሌ ሮቤ ተድራለች። ቱሉ ከሚሊሺያው ጋር ሰሜን ከዘመተ ዓመታት አልፈዋል። በብርነሽ ሠፈር ከግንባር የተመለሱ ቁስለኞች ስለነበሩ፣ ሽማግሌው ጠዋት ጠዋት ከሰላምታው በፊት «ልጄ፣ ከወዲያ የመጣ ሰው የለም? የቱሉ ወሬ አልተሰማም?» ይላታል። «የለም ጋሼ» ትለዋለች። እውነቷን ነበር፣ እስከዚያ ክረምት ድረስ።

በክረምቱ መሐል አህመድ የሚባል የሀና ማርያም ሠፈር ልጅ በክራንች እየዘለለ ፋብሪካው በር ድረስ መጣ። ጋሽ ደገፋ ተረኛ አልነበረም፤ ብርነሽ ናት ለአየር ወጥታ ያገኘችው። «የጋሽ ደገፋ ዘመድ ነሽ?» አላት። ዘመድ ነኝ አለች፣ ምን ትበል። ልጁ መሬት መሬት እያየ ነገራት፦ ቱሉ ወድቋል፣ አጠገቡ ነበርኩ፣ በእጄ ነው ዓይኑን የከደንኩት። ይህን ብሎ እንባው መጣበትና በክራንቹ ዞሮ ሄደ። ብርነሽ ከዚያ በርጩማ ላይ ተቀምጣ ቀረች።

መርዶ እንግዲህ እንደ ወሬ በመንገድ አይነገርም። ይህን የማያውቅ የለም። ዘመድ ይሰበሰባል፤ ሩቅ ያለው እስኪመጣ ይጠበቃል፤ ጎህ ሲቀድ ሽማግሌ ቀድሞ፣ ሰው ተከትሎ፣ ወደ ቤቱ ይገባል። ለአንድ አባት ልጅህ ሞተ ብሎ በባዶ ሜዳ መንገር ሁለተኛ መግደል ነው። ስለዚህ ብርነሽ ደንቡን አደረገች፤ እሑድ ፉሪ ወርዳ ለጋሽ ደገፋ ወንድም ነገረች። ወንድምየው ጋቢውን አፉ ውስጥ ጎስጉሶ አለቀሰና «ደራርቱ ትምጣ። እሷ ሳትኖር አይሆንም። እስከዚያ ትንፍሽ እንዳትይ» አላት። የባሌ መንገድ ደግሞ በክረምት ጭቃ ነው፤ ሰው ቢልኩም መልስ አይመጣም። ብርነሽም ዝም አለች።

ዝም ማለት እንዲህ የሚያደክም ይመስላችኋል? ፈተል ክፍል የቆመችበት ዘመን ሁሉ አንድ ላይ ቢደመር እንደዚያ ሰሞን አላደከማትም። ጠዋት ጠዋት «የቱሉ ወሬ የለም?» ይላታል። «የለም ጋሼ።» ከዚያ ገብታ ንቧን ታበራለች፣ እሱ ዓይኑን ይጨፍናል፣ ይዘፍናል። ደግሞ የሚዘፍነው! የአብዮቱ አሥረኛ ዓመት እየደረሰ ነበርና በኃይሉ ራሱ ግጥም ጽፎ ሰጥቶታል፦

ልጄን መርቄ ሰጠሁት ለአገሩ፣
ወሬው ይደርሰኛል፣ ድል ነው ነገሩ።

ሽማግሌው ይህን ሲል ደረቱ ይነፋል። ብርነሽ ፊቷን ወደ ቀይ ቁጥሮቹ ትመልሳለች። በልቧ የምትለምነው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ደራርቱ ትምጣና ከበዓሉ በፊት ይነገረው፣ ሰው ፊት ቆሞ ይህን ግጥም በሞተ ልጁ ላይ እንዳይዘፍን። ሲነገረው ልቡ ይሰበራል፤ ግን እንዲህ ዘፍኖ ቆይቶ የሰማው እንደሆነ፣ ልቡ ብቻ ሳይሆን ክብሩም ይሄዳል። ከዚያ በኋላ በምን ዓይኑ ያየኛል፣ ትላለች።

ወሬ አይደበቅም፤ በኃይሉ ጆሮ ደረሰ። ቢሮው ጠራት። ካርታና ፎቶግራፍ የተሰቀለበት ክፍል ነበር፤ እሱም ከእንቅልፍ ማጣት ዓይኑ ቀልቷል። «ጓድ ብርነሽ፣ ስለ በር ጠባቂው ልጅ የሰማሽውን እኔም ሰምቻለሁ። ከበዓሉ በፊት ማንም አፉን እንዳይከፍት። የበላይ አካል እንግዶች ይመጣሉ፣ ዋናው ዝግጅት የእሱ ነው» አላት።

«ሽማግሌዎቹም ደራርቱን እየጠበቁ ነው ጓድ። የደረሰች እንደሆነስ?»

«ብትደርስም በኋላ። ባህሉም እኮ ጠብቁ ነው የሚለው» አለና ቀና ብሎ አያት። «አይደለም እንዴ?»

ነው። ከዚያ ክፍል ስትወጣ የገዛ ዝምታዋ የማን እንደሆነ ጠፋባት። ትናንት የወግ ነበር፣ የዘመድ ነበር፤ ዛሬ ካድሬው እጁን አስገብቶበት የእሱም ሆነ። ያው ዝምታ ነው፣ ቃል አልተጨመረበት፣ ቃል አልተቀነሰበት፤ ግን ሌሊት ብትገላበጥ ጎኗን ወጋት። አስጠላት። ለጋሽ ደገፋ ነግሮ መገላገል ደግሞ የበለጠ አስፈራት፤ ካድሬውን ብቻ አይደለም የፈራችው፣ አንድ አባት በባዶ ሜዳ መርዶ ሰምቶ መንገድ ላይ ሲወድቅ ማየቱን ነው።

የበዓሉ ዋዜማ ደረሰ። የፋብሪካው ዝግጅት ከሰዓት በኋላ ነው። እንግዲህ ጉዱን ስሙ! ከሠራተኛው አብዛኛው ለሰልፍ ልምምድ ወደ አደባባይ ተወስዶ ነበርና አዳራሹ ባዶ ሊሆን ሆነ። እንግዶች መጥተው ባዶ ወንበር ካዩ የበኃይሉ ነገር አከተመ። ምን አደረገ? የፋብሪካውን የጭነት መኪና ወደ ፉሪ ገበሬ ማኅበር ላከ፤ «ያገኛችሁትን ሰው ጭናችሁ አምጡ፣ ላብ አደርና ገበሬ አንድ ላይ ይታይ» ብሎ። ማኅበሩም በበኩሉ «ስብሰባ ነው፣ ውጡ» አለ። የት ነው፣ ለምንድን ነው ብሎ መጠየቅ በዚያ ጊዜ የለም። በአንድ ግቢ ውስጥ ብዙ ሰው ተሰብስቦ ስለተገኘ ደግሞ መኪናው ከዚያው ሞላ። ያ ግቢ የጋሽ ደገፋ ወንድም ግቢ ነው። ደራርቱ በዚያን ዕለት ጠዋት ከባሌ ገብታ፣ ዘመድ ተጠርቶ፣ በማግስቱ ጎህ ሲቀድ መርዶውን ሊያደርሱ ተሰብስበው ነበር። «ለቅሶ ላይ ነን» እንዳይሉ መርዶው ገና አልተነገረም። ዝም ብለው ተጫኑ።

ብርነሽ መድረኩ ላይ ንቧን እያሞቀች ነበር። በሩ ተከፍቶ ገበሬዎቹ ሲገቡ ቀና አለች። መጀመሪያ ወንድምየውን አየች። ቀጥሎ የቱሉን አክስቶች። ቀጥሎ አንዲት ጥቁር ሻሽ እስከ ቅንድቧ የጠመጠመች፣ ሻሹ ሥር ፀጉር የሌላት ወጣት ሴት። ማንም ሳይነግራት አወቀቻት። ወንድምየውም የት እንደመጣ ያኔ ገብቶት በሩ ላይ ቀጥ አለ፤ አስተናጋጁ ግን ክንዱን ይዞ «ገበሬ ከፊት!» እያለ ፊተኛው ወንበር ላይ ደረደራቸው።

ከመድረክ ወርዳ በኃይሉን ክራቫቱን ሲያስር አገኘችው። «ጓድ፣ ከፊት የተቀመጡት የጋሽ ደገፋ ዘመዶች ናቸው። ልጁ ናት ጥቁር ያሰረችው።»

በኃይሉ በመጋረጃው ቀዳዳ አየ። ፊቱ አመድ መሰለ፤ እሱም እኮ የሰው ልጅ ነው፣ እሱም መርዶ ምን እንደሆነ ያውቃል። «ወደ ኋላ እንውሰዳቸው» አለ። ይህን ሲል እንግዶቹ በጭብጨባ ገቡ፤ አሁን ሰው ማንቀሳቀስ አይቻልም።

«ዘፈኑ ይቅር» አለችው። «አሞታል ይባል። እባክዎ።»

«ስሙ ፕሮግራሙ ላይ ታትሟል።» ግንባሩን ጠረገ። «መብራቱ ፊቱ ላይ ነው፤ አያያቸውም። ዓይኑንም ይጨፍናል አይደል? አንቺ ብቻ ጥሩ አድርገሽ ያዥው።»

ንግግሩ ረዘመ። ጋሽ ደገፋ ከመጋረጃው ጀርባ ካፖርቱን አውልቆ፣ ያሰፉለትን ነጭ ልብስ ለብሶ፣ ቆሞ ይጠብቃል። ብርነሽን ጎሸም አደረጋት። «ምነው ፊትሽ ጠቆረ? እኔ ነኝ የምዘፍነው፣ አንቺ ምን አስፈራሽ?» አላት። አንድ ትንፋሽ ያህል ብቻቸውን ነበሩ። አሁን ብነግረውስ? ይወድቃል፣ እዚሁ፣ በመጋረጃና በገመድ መሐል፣ ያውም በእኔ አፍ። «ደክሞኛል ጋሼ» አለች።

ወጡ። ንቧን ከፈተች። ደረቁ በቁጥሩ ቆመ፣ ቀበጧን አስጠጋቻት፣ ው… ው… ው… አለ፣ ዘገየ፣ ተስተካከለ። «ያዥ»ን ገፋችው። ድምፁ አዳራሹን ሞላ። ጋሽ ደገፋ ማይክራፎኑን ይዞ ዓይኑን ጨፈነ። ብርነሽ እዚያ ቆማ የጸለየችውን ጸሎት እግዜርም ግራ ሳይገባው አይቀርም፤ ዓይኑን እንዳይገልጥ ነው የለመነችው። ፊት ለፊት ዘመዶቹ አንገታቸውን ደፍተዋል። ደራርቱ የነጠላዋን ጫፍ ነክሳለች።

ዓይኑን ገለጠ።

አልዘፈነም። መብራቱ አልጋረደውም፤ በር ጠባቂ ነው፣ የገባ የወጣውን ሰው ሲለይ የኖረ ዓይን ነው። መጀመሪያ ፈገግ አለ፣ ዘመድ ያየ ሰው ፈገግታ። ከዚያ ከአንዱ ወደ አንዱ ተመለከተ፤ ወንድሙ፣ እህቶቹ፣ የፉሪ ሽማግሌዎች፣ ሳይጠራቸው አንድ ላይ። ከዚያ ጥቁሩን ሻሽ አየ።

«ደራርቱ?» አለ። ማይክራፎኑ ለሁሉም አሰማው።

ልጅቷ ቀና ማለት አልቻለችም። ንቧ ትጮሃለች። እንግዶቹ የዘፈኑ መግቢያ መስሏቸው ፈገግ ብለው ይጠብቃሉ። በኃይሉ ከመጋረጃው ጀርባ እጁን ወደ ላይ ወደ ላይ ያወናጭፋል፦ ከፍ አድርጊው፣ ድምፁን ከፍ አድርጊው፣ ይዋጠው!

ጋሽ ደገፋ ወደ ብርነሽ ዞረ። የዘወትር ጥያቄው ነበር የመጣው፤ አሁን ግን አሳጥሮታል።

«ልጄ» አላት። «ቱሉ ነው?»

ትልቁ ማዞሪያ እጇ ላይ ነበር። ወደ ቀኝ ብታዞረው ድምፁ ይውጠዋል፣ ሌላ ሰው ይንገረው፣ ነገ ይነገረው፣ እሷ የለችበትም። እንደዚያ የደከማት ጊዜ የለም። እጇን ከማዞሪያው አነሳችና «ያዥ»ን መለሰችው። ንቧ ተቋረጠች። ዓይኗንም ከዓይኑ አላነሳችም።

ገባው። ማይክራፎኑን ቀስ ብሎ መሬት ላይ አስቀመጠው፣ እንዳይሰበር የፈራ ይመስል። ያኔ ደራርቱ «አባ!» ብላ ተነሳች፣ የፉሪ ሰውም አብሯት ተነሳ፣ ሳምንታት ታፍኖ የከረመው ለቅሶ አንድ ጊዜ ፈነዳ። ሴቶቹ ደረታቸውን መቱ። ከኋላ የተቀመጡት የፋብሪካ ሴቶችም ተቀላቀሉ፤ ግማሾቹ ለቱሉ፣ ግማሾቹ ለየራሳቸው ልጅ። የበላይ አካል እንግዶች በጎን በር ወጡ።

የደኅንነት ሰዎች ብርነሽን ወሰዷት። «ማሽኑን ለምን አጠፋሽ? ማን አዘዘሽ? ይህ አሻጥር ነው» አሏት። «ማሽኑ ጋለብኝ» አለች። ቢያስፈራሯትም ደክሟት አንቀላፋችባቸው፣ እውነቴን ነው፣ ወንበሩ ላይ ተቀምጣ አንቀላፋች። መጨረሻ ላይ በኃይሉ ራሱ ቀርቦ፣ መሬት መሬት እያየ፣ ማሽኑ ሲግል ይቋረጣል ብሎ መሰከረ። ራሱን ለማዳን ነው ያለ አለ፤ እኔ ግን ምንም ክፉ ብሆን ያንን አልልበትም። ንቧ ወደ መጋዘን ገባች፣ ብርነሽ ወደ ፈተል ክፍል ተመለሰች። ሳሉም ሦስተኛው ቀን ላይ ጠናባት።

ፉሪ ለቅሶ ለመድረስ በእግሯ ወረደች። ጭቃው እስከ ቁርጭምጭሚት ነው። መንገዱን ሁሉ የምትለውን ስታዘጋጅ ሄደች፦ ወጉ ነው ጋሼ፣ ደራርቱ እስክትመጣ ነው፣ ካድሬው ነው የከለከለ፣ ለእርስዎ ብዬ ነው። ሁሉም እውነት ነበር። ሁሉም ሲደመር ግን አንድ ሰው ፊት የሚቀርብ አልሆነላትም።

ጋሽ ደገፋ ድንኳኑ ውስጥ ሰሌን ላይ ተቀምጧል። በእነዚያ ቀናት አሥር ዓመት አርጅቷል። ጢሙ አልተላጨም፣ ድምፁ ከልቅሶ ብዛት ተዘግቶ በሹክሹክታ ነው የሚናገረው። ሰው እስኪቀልል ጠብቆ ጠራት። አጠገቡ ተንበረከከች።

«መቼ ነው የሰማሽው?»

«በክረምቱ መሐል ጋሼ። አብሮት የነበረ ልጅ በር ድረስ መጥቶ ነገረኝ።»

ጣቶቹን አንድ በአንድ ተመለከታቸው። «በየጠዋቱ ስጠይቅሽ ታውቂ ነበር።»

«አውቅ ነበር።»

«ያን ግጥም ስዘፍን። እሱ አፈር ውስጥ ሆኖ፣ እኔ ደረቴን ነፍቼ ስዘፍን፣ አንቺ ትከተይኝ ነበር።»

ያዘጋጀችው ሁሉ እምላሷ ላይ መጣ። ዋጠችው።

«አዎ ጋሼ» አለች። «ዘፍነዋል። እኔም እከተልዎ ነበር።»

ደራርቱ ከወዲያ ሆና ታያቸዋለች። ወንድምየው ፊቱን ወደ ድንኳኑ ሸራ አዞረ።

«ወንድሜን ጠየቅኩት» አላት በዚያ በታፈነ ድምፁ። «በዋዜማው ነው የሰማሁት አለኝ። የፋብሪካው ሰው ሁሉ አልሰማንም አለኝ። ካድሬው መጥቶ እዚህ እግሬ ሥር አልቅሶ፣ እሱም አላውቅም ነበር አለኝ። ሁሉም የዋሹኝ ያዘኑልኝ መስሏቸው ነው።» አየር ሳበ። «ይቅር ልበልሽ አልበልሽ እኔ እንጃ። ገና ነኝ።»

«አይበሉኝ ጋሼ።»

ሰሌኑ ላይ እየተጎተተ ትንሽ ፈቀቅ አለ። በእሱና በደራርቱ መሐል፣ የሟች ቤተ ዘመድ በሚቀመጥበት በኩል፣ ለአንድ ሰው የሚበቃ ቦታ ተከፈተ።

«እንግዳ ሆነሽ አትንበርከኪ» አላት። «ነዪ፣ እዚህ ተቀመጪ።»

ብርነሽ ጭቃ የበላውን ጫማዋን ድንኳኑ በር ላይ አውልቃ ተመልሳ ተቀመጠች። ያን ሁሉ ሳምንት አልቅሳ አታውቅም ነበር፤ አሁን አለቀሰች።